ዓይኑን አይታችኋል? ስለ ግራጫው ዝንብ አዳኝ ጥያቄና መልስ

በወፍ መጽሐፎች «አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር» ስለሚባለው ዝንብ አዳኝ ወፍ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄ ደርሶኛል። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ጋሼ፣ ግቢያችን ጽድ ላይ ጠዋት ጠዋት አንድ ግራጫ ወፍ አይጠፋም። መሬት ላይ ዱብ ይልና ተመልሶ ቅርንጫፉ ላይ ያርፋል። እሱ ይሆን?

መልስ፦ አደኑስ ልክ ነው። አሁን ዓይኑን እይልኝ። የአዋቂው ዓይን ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጀርባው ቡናማ የቀላቀለ ጥቁር ግራጫ፣ ደረትና ሆዱ ደግሞ ፈካ ያለ ግራጫ ነው። ደረቱ ላይ ሰረዝ የለውም። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱና ሴቷ ስለሚመሳሰሉ በመልክ ለመለየት አትድከም።

ጥያቄ፦ እኔ ጦሳ ተራራ ሥር ፎቶ ያነሳሁት ዓይኑ ጥቁር ነው። ግንባሩና ደረቱ ላይ ቀጫጭን ሰረዝ አለ። ወሩ መስከረም ነበር።

መልስ፦ ያንተው እንግዳ ነው፣ ወንድሜ። ከአውሮፓ ወደ ደቡብ ሲሄድ በአገራችን የሚያልፈው ባለሰረዙ ዝንብ አዳኝ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዓይኑ ጥቁር ከሆነ በቃ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ አትቸኩሉ! የግራጫው ጫጩት ዓይኑ ገና ጥቁር ነው። ጀርባው ግን በነጣ ያሉ ነጠብጣቦች የተሞላ ነው፤ ሰረዝ ሳይሆን ነጠብጣብ። አጠገቡ ቢጫ ዓይን ያለው ወላጅ ካለ ጉዳዩ አለቀ። በጣም ትንሽ፣ ድብልብል ያለና ዓይኑ ዙሪያ ፈዛዛ ቀለበት ያለው ካያችሁ ደግሞ አፍሪካን ደስኪ ፍላይካቸር ነው። እሱም እዚሁ ደጋችን ይኖራል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኛ ጋ ጥቁር ነው። ጅራቱም ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍሏል።

መልስ፦ ያ ድሮንጎ ነው፤ ዓይኑ ቀይ መሆኑን ታያለህ። ነፍሳትን በአየር ላይ ስለሚይዝ ነው ያደናገረህ። ግራጫውን ከፈለግህ የጎፍ ደን ጫፍ ላይ፣ በተለይ ወይራና ጽድ ባለበት ሞክር። ከደሴ ዝቅ ብትሉም ለዚህ ወፍ ኮምቦልቻ ከክልሉ ውጭ አይደለችም።

ጥያቄ፦ ግራጫው ዝንብ አዳኝ እውነት ሌላ አገር የለም?

መልስ፦ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ሄዶ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ አስተዋወቀው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች ተርታ አይደለም። ደሴ ውስጥ በየግቢው ቆሞ የሚታይ ስለሆነ ብቻ ተራ ወፍ ነው ሲባል ያሳዝነኛል። ሰው ከባህር ማዶ የሚመጣው እሱን ለማየት ነው!

ጥያቄ፦ እማማ ጽዱን አስቆርጠው ባህር ዛፍ ሊተክሉ ነው። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጽዱን ይተዉት በላቸው፣ እባክህ። ባህር ዛፉን ከፈለጉ ጥግ ላይ ይትከሉት። ወፉ ዝቅ ያለ ማረፊያ፣ ከሥሩም ነፍሳት የሚርመሰመሱበት ክፍት መሬት ይፈልጋል። ዛፉ ሥር መርዝ አትርጩ።