የአባቴን የሞተር መጋዝ ልጣለው ወይስ ላስጠግነው?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ስቲል 070 የሞተር መጋዝ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) ሲሳብ ይነሣል፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ወዲያው ይጠፋል። አንድ መካኒክ ፒስተኑ አልቋል ብሎኛል። መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? (አንባቢ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በፒስተኑ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ያስፈትሹ። በቾክ ብቻ የሚነሣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ነው፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ዲያፍራም የምትባል ስስ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ስትደርቅ ነዳጅ መሳብ ይሳናታል፣ የነዳጅ ቱቦውም ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ይህን ሳያስተካክሉ መሥራት አደገኛ ነው፤ ነዳጅና ዘይት በበቂ ያልደረሰው ፒስተን በእርግጥም ተቃጥሎ ያልቃልና። ዲያፍራሟን፣ ጓርኒሲዮኖቹን (ማሸጊያዎቹን) እና ቱቦውን በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ።

070 ባለ 106 ሲሲ፣ በብዙ አገሮች የተሠራጨ መጋዝ በመሆኑ መለዋወጫው አልጠፋም። የዕቃዎቹ መለያ ቁጥር በ1106 ይጀምራል፤ ቁጥሩን ጽፈው፣ አሮጌውን ዕቃም በእጅዎ ይዘው መርካቶ ይሂዱ። ምናለሽ ተራም ለመለዋወጫ የሚፈታ አሮጌ ማሽን ሊያገኙ ይችላሉ። ዲያፍራም ተመሳስሎ የተሠራ ቢሆን አይከፋም፤ ለፒስተንና ለቀለበቱ ግን ኦሪጅናሉን መፈለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ነዳጁን የሚመጥነው የካርቡሬተሩ ብሎን ቆላ ላይ እንደተስተካከለ መቅረት የለበትም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር ይስተካከል። በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቅሉ።