መልስ፦ ያረፉ ጓደኞቻችንን እያሰቡ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የመዘምራን ጓደኞችሽን ቀብረሽ፣ ባዶ ወንበራቸውን ባየሽ ቁጥር ድምፅሽ ቢቆራረጥ እምነትሽ ደከመ ማለት አይደለም። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥35)። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው እንጂ ከቶ እንዳያዝኑ አይደለም።

እንዴት እናስታውሳቸው ላልሽው፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አንብቢ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሠራችውን ልብስ ነበር። እናንተም እጃቸው የነካውን ነገር ያዙ። እኔ ካረፈች ወዳጄ የቀረኝ የመዝሙር ደብተሯ ነው፤ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ ትንሽ ጭረት አድርጋለች። እስከ ዛሬ እዚያ ስደርስ አብሬያት እተነፍሳለሁ።

በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ትዝታ ጽፋችሁ አምጡ። «ደግ ነበረች» አይበቃም፤ ምን አደረገች? ለማን? ሳትዘገዩ ጻፉት፣ ዝርዝሩ ከልብ ቶሎ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኛ ስላረፈች እህታችን የሰበሰብነውን ትዝታ ለቤተሰቧ ሳናሳይ በጉባኤ ፊት አነበብነው። ልጇ ስለ እናቷ የሕመም ቀናት የማታውቀውን ነገር ከሰው ሁሉ እኩል ሰማች፤ እያለቀሰች ተነሥታ ወጣች። አስቀድማችሁ ጽሑፉን ለቤተሰቡ ስጡ፤ አይነበብ ያሉትን ያለ ክርክር አውጡት።