አልፈታም ያለ ብሎንና የካምቢዮ ጣጣ፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ሁለት ነገር ናቸው፤ አልፈታም ስላለ ብሎንና ስለ ካምቢዮ፣ ማለትም ስለ ማርሽ ሳጥን። ከጠየቃችሁኝ ውስጥ አብዛኞቻችሁ የትራያል ሞተር ሳይክል ያላችሁ ናችሁ። ለማያውቀው ሰው ትራያል ፍጥነት የማይታይበት ውድድር ነው። ድንጋይ፣ ግንድና ገደል ላይ እግርህን መሬት ሳታስነካ ታልፋለህ። እግርህ አንዴ ከነካ 1 ነጥብ ይያዝብሃል፣ ጨርሶ ካቃተህ 5። ሞተሩ ጭቃና ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ካምቢዮውም ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ሲታገል ይከርማል። ብሎኖቹ ከአልሙኒየሙ ጋር ቢጣበቁ አይገርምም።

ከአራት ኪሎ፦ «በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ያማሃ ቲዋይ 175 ገዛሁ። የፍሪሲዮኑን ሽፋን ልከፍት ስል የሁለቱ ቪቴ ጭንቅላት ተበልቶ አገኘሁት። ሌሎቹም ላይ ካቻቪቴው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።»

መጀመሪያ ተው፣ እጅህን ሰብስብ። ካቻቪቴው አንዴ ከተንሸራተተ በዚያው አትቀጥል፤ በሞከርክ ቁጥር ጭንቅላቱ ይበልጥ ይበላል። ጥፋቱ የክንድህ ሳይሆን የካቻቪቴው ነው። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ባለ መስቀል ቪቴ ፊሊፕስ ይመስላል እንጂ ፊሊፕስ አይደለም፣ ጄአይኤስ የሚባል የራሱ ደረጃ አለው። የፊሊፕስ ጫፍ ታች ድረስ አይገባለትም። ስትጫነው ወደ ላይ ይወጣና ጠርዙን ይበላዋል። የጄአይኤስ ጫፍ ፈልግ፣ ካጣህ ደግሞ የአንድ አሮጌ ፊሊፕስ አፍንጫ በግራይንደር ትንሽ ከርከም ይደረግና በደንብ ይቀመጥልሃል።

ማታ ናፍጣ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር ቀላቅለህ ቪቴዎቹ ሥር ቀባና ይደር። ጠዋት ጠርገህ ወደ ሙቀት ትሄዳለህ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ነው የሚለጠጠው፣ ስለዚህ ካርተሩ (የሞተሩ የአልሙኒየም አካል) ሲሞቅ ቪቴውን የያዘው ቀዳዳ ላላ ይላል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አንድ ማንቆርቆሪያ አይበቃህም። ሁለት ሦስቴ ደጋግመህ አፍስስበት። ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን ካገኘህ ደግሞ በጣም ይሻላል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ በነካው ቦታ እሳት እንዳታስጠጋ፣ አደራ!

ከዚያ በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረውን ካቻቪቴ አምጣ። ጫፉን ቀጥ አድርገህ አስቀምጥ፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ጠምዝዘህ ያዝ፣ ከባድ መዶሻ አንስተህ አንዴ ደህና አድርገህ ምታ። አሥር ጊዜ ቀስ እያሉ ከመኮርኮር አንድ ሙሉ ምት ይሻላል። ጆሮህን ጣል አድርግ። ሲላቀቅ «ቀጭ» የምትል ደረቅ ድምፅ ትሰማለህ፣ ከጭንቅላቱ ሥርም ትንሽ ነጭ ዱቄት ብን ሊል ይችላል። ያ ዱቄት የአልሙኒየሙ ዝገት ነው። እሱን ሳይ አሁንም ድረስ ደስ ይለኛል።

የተበሉትን ሁለቱን መጨረሻ ላይ አድርጋቸው። ጭንቅላታቸውን በትራፓኖ በስተህ አንሳው። ጭንቅላቱ ሲሄድ ሽፋኑ ይወጣል። የቀረው ግንድ የሚወጥረው ነገር ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ በፒንሳ ይዞራል። ስትገጥም በአለን ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ቀይርና ፊሌቶው (ጠመዝማዛ ጥርሱ) ላይ ግሪስ ነካ አድርግ።

ከተክለሃይማኖት፦ «የካርተሩ ብሎን ስፈታው ተቆረጠ። የቀረው ከካርተሩ ፊት ጋር እኩል ነው። ጓደኛዬ በትራፓኖ በስተን በማውጫ እናውጣው ይላል።»

ጓደኛህን ትንሽ ታገስ በለው። ይህን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ገና ሥራ ስጀምር እንዲህ ያለ ብሎን በስቼ ማውጫውን (የተሰበረ ብሎን ይዞ የሚያዞር መሣሪያ ነው) ከተትኩና ስጠመዝዘው ማውጫው ራሱ ውስጥ ተሰበረ። ማውጫ የሚሠራው ከጠንካራ ብረት ስለሆነ ተራ ፑንታ አይነካውም። አንድ ብሎን የነበረው ችግር ሁለት ሆነ፣ ካርተሩም ቶርኖ ቤት ገባ። ያኔ የሰው ንብረት ነበር፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩ በያጅ ፈልግ። የተሰበረው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ በኩል ይበይደዋል። ብየዳው የሚሰጠው ሙቀት ራሱ የሥራው ግማሽ ነው። ትንሽ በረድ ሲል ዳዶውን በቁልፍ ወዲያና ወዲህ እያልክ ቀስ አድርገህ አውጣው። ከመበየዱ በፊት ባትሪውን ንቀል፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹንም አላቅቃቸው። የግድ መብሳት ካለብህ መሃሉን በሹል ብረት ምልክት አድርግና ከቀጭን ፑንታ ጀምር። ባለ 6 ሚሊ ብሎን ከሆነ 5 ሚሊ ድረስ ነው የምትሄደው፤ ከዚያ ካለፍክ የካርተሩን ፊሌቶ በላኸው ማለት ነው። ቢበላም ተስፋ አትቁረጥ፣ የሽቦ ፊሌቶ ይገባለታል፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይጠነክራል።

ከካዛንቺስ፦ «የፍሪሲዮኑ መሃል ዳዶ አልፈታ አለ። ስገፋ ሁሉም አብሮ ይዞራል። ማርሾቹ መሃል ካቻቪቴ ልሸጉጥ?»

እህቴ፣ እባክሽ አትሸጉጪ። የማርሽ ጥርስ አንዴ ከጎደለ ዋጋው ከባድ ነው። ከፍሪሲዮኑ ሸራዎች መሃል የሚገባው አሮጌ የብረት ዲስክ ካለሽ አትጣይው፣ ረጅም ብረት ይበየድበት። ያ የመሃሉን ክፍል ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ይሆንሻል። ሌላው ዘዴ ሁለቱ ማርሾች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ለስላሳ የመዳብ ቁራጭ ማስገባት ነው። መዳቡ ይጨፈለቃል እንጂ ጥርሱን አይጎዳውም።

ከመግፋትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር እዪ። ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ ከሆነ መጀመሪያ መልሰሽ አስተኚው። ብዙ ሰው እሱን ሳያይ ነው ግማሽ ቀን የሚታገለው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ይህ ዳዶ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፣ የሞተርሽን መመሪያ አገላብጪ። ኮምፕሬሰርና የአየር ሽጉጥ ያለው ጎሚስታ ካወቅሽ ሊፈታልሽ ይችላል። ማጥበቂያው ግን በእጅና በቶርክ ቁልፍ ብቻ ይሁን።

ከፒያሳ፣ አንድ አባት፦ «ልጄ፣ አሮጌ ቡልታኮ አለኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጉልበት ስሰጠው ዘሎ ይወጣል። ዘይት ብቀይር ይስተካከላል?»

ጋሼ፣ ሸርፓ የሚባለው የቡልታኮ የትራያል ሞተር ከሆነ እንዴት ያለ ዕቃ እንደያዙ እርስዎ ያውቁታል፤ የእንግሊዝን የትራያል ሞተሮች ዘመን የዘጋው እሱ ነው። ዘይት ግን ይህን አያድነውም፤ እውነቱን መንገር ስላለብኝ ነው። ማርሾቹ ጎን ላይ እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ጥርሶች አሉ። ጠርዛቸው ስል መሆን ነበረበት። ሲያረጁ ይከበባሉ፣ ጉልበት ሲመጣባቸው ይላቀቃሉ። ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ጠሟል።

ሲከፈት እዚያው ቁጭ ብለው ይዩልኝ። ሁለቱን ካርተሮች ለማለያየት ማንም ሰው ካቻቪቴ መሃላቸው እንዳይከት፣ ፊቱ አንዴ ከተጫረ ዘይት ያፈስሳል። ሞቅ ተደርጎ በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን ሲመታ ይላቀቃል። ማርሾቹና ስስ ሮንዴላዎቹ ከዘንጉ ሲወጡ በተራቸው ሽቦ ላይ ይሰኩ። አንዷ ሮንዴላ ቦታዋን ከሳተች ካምቢዮው እንደገና መከፈቱ ነው።

ከሜክሲኮ፦ «የመኪና ሞተር ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ላድርግ?»

አይሆንም። በባለ ሁለት ምት ሞተር የካምቢዮው ዘይት ከሞተሩ የተለየ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ግን እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚዞረው። ብዙ የመኪና ዘይት ግጭት የሚቀንስ ነገር ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (ዘይት ውስጥ ለሚዞር ፍሪሲዮን የሚሆን የዘይት ደረጃ) የሚል ፈልግ፣ ወይም መመሪያው የሚለውን ተከተል። ባለ አራት ምቱን ቦክሰር የምትነዱም ልብ በሉ፣ የእናንተ ደግሞ ሞተሩም ካምቢዮውም አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት።

ከለገሃር፦ «ሽፋኑን መልሼ ስገጥም የትኛው ብሎን የት እንደነበር ጠፋኝ። ለውጥ አለው?»

አለው እንጂ! ረጅሙን ብሎን አጭሩ ቀዳዳ ውስጥ ከከተትክ ታች ደርሶ ይቆማል፣ አንተ የጠበቀ ይመስልሃል፣ ስትጨምርበት ካርተሩ ይሰነጠቃል። አጭሩን ረጅሙ ቀዳዳ ከከተትክ ደግሞ ሁለት ሦስት ፊሌቶ ብቻ ይዞ እሱንም ይዞት ይወጣል። አሁን ሁሉንም ሳታጠብቅ ቀዳዳቸው ውስጥ ጣላቸው። ጭንቅላታቸው ከሽፋኑ በላይ የሚቀረው ርዝመት የሁሉም እኩል መሆን አለበት። የተለየ ካየህ ቦታ ቀያይር። እኩል ሲሆኑ ከመሃል ጀምረህ በመስቀለኛ አጥብቅ፣ 6 ሚሊ ከሆኑ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ የፓስታ ካርቶን ቁረጥ፣ የሽፋኑን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሳልበት፣ እያንዳንዱን ብሎን እንደፈታህ በቦታው ወግተህ ሰካው። ቀን ጻፍበትና ግድግዳ ላይ ስቀለው።