ሲሊኮን የተለቀለቀ የዲፈረንሻል ብሎን ሲገጥምህ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ ላንድክሩዘር 70፣ የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ማርሽ ቤት)። ዘይት ሊቀየር ሲሞከር የማፍሰሻው ብሎን አልፈታ አለ። የ24 ቁልፍ ማዕዘኖቹን ላጣቸውና አሁን ዝም ብሎ ይዞርበታል። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ሲሊኮን ተለቅልቋል፣ ጠርዙ ላይ የመሮ ጠባሳ አለ፣ ከሥሩም ዘይት ያረጥባል። የላይኛው መሙያ ብሎን ግን ያለ ችግር ተፈቷል። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው ዳዶ በይዶበት ያውጣው ወይስ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ነው።

ወንድሜ፣ ዳዶውም ይደርሳል። ከነገርከኝ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ግን የተላጠው ጭንቅላት ሳይሆን ሲሊኮኑ ነው። ጥርሱ (ጠመዝማዛ መስመሩ) ጤነኛ የሆነና አዲስ ሮንዴላ (ከጭንቅላቱ ሥር የሚገባው ቀለበት) የገባለት ብሎን ሲሊኮን አይፈልግም። ሲሊኮን የሚመጣው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ማንጠብጠቡ እምቢ ሲል ነው። አንድ ሰው ዘይት ቀይሮ አሮጌውን ሮንዴላ መልሶ ገጠመው፣ አንጠባጠበ። ጠበቅ አደረገው፣ አሁንም አንጠባጠበ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ያኔ ጥርሱ ተጎተተ። በመጨረሻ ቱቦ ሲሊኮን ጨመቀበትና መኪናውን አስረከበ። ይህ ጥገና አይደለም፤ ችግሩን ለሚቀጥለው ሰው ማውረስ ነው። ስለዚህ ግምቴ ጭንቅላቱ ብቻ ሳይሆን ውስጥ ያለው ጥርስም ተጎድቷል የሚል ነው። ብሎኑን ማውጣት የሥራው ግማሽ ብቻ እንደሆነ አስበህ ተነሳ።

እንግዲያው ብሎኑን ሳትነካ በፊት ዕቃህን አሟላ። በብዙ የቶዮታ የኋላ ዲፈረንሻሎች ላይ መሙያውም ማፍሰሻውም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያላቸው ናቸው። የፈታኸው የመሙያ ብሎን በእጅህ ስለሆነ እሱን በጥርስ መለኪያ ለካና አረጋግጥ፤ አዲሱን ስትገዛም እሱን ይዘህ ሂድ። የሚያስፈልግህ አዲስ ማፍሰሻ ብሎን፣ ሁለት አዲስ ሮንዴላ፣ 18 በ1.5 ጥርስ ማውጫ (ታፕ) ነው። ጥርሱ ከጥቅም ውጪ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ 20 በ1.5 ብሎን ከነጥርስ ማውጫው፣ እንዲሁም 18.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ)። ይህን ሳትይዝ ብሎኑን ካወጣህ መኪናው ቀዳዳው ተከፍቶ ተገትሮ ይቀራል።

ማፍሰሻውን የምትነካው መሙያው ከተፈታ በኋላ ብቻ ነው፤ አንተ ይህን በትክክል ሠርተኸዋል። መሙያው እምቢ ያለበት ዲፈረንሻል ዘይቱን አንዴ ካፈሰስክ የምትሞላበት መንገድ የለውም። አሁን ግን በመሙያው ቀዳዳ ቱቦ አስገብተህ አሮጌውን ዘይት በእጅ ፓምፕ መሳብ ትችላለህ። ከሥር የሚቀር ጥቂት ዘይት ይኖራል፤ ለሥራው አያውክም።

አሁን አጥብቄ የምነግርህን ስማ። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር አትግባ። እዚህ ሥራ ላይ ረጅም ቁልፍ ይዘህ በሙሉ ጉልበትህ ትጎትታለህ፤ ያ ጉትት መኪናውን ከክሪክ ላይ ገፍቶ ለመጣል ይበቃል። ደግሞም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ከተነሱ ኋላ ጎማ የሚይዘው የእጅ ፍሬን ዋጋ የለውም፤ የፊት ሃቦች (የፊት ጎማዎችን ከአክሰሉ ጋር የሚያገናኙት መቆለፊያዎች) ካልተቆለፉም ማርሽ ማስገባቱ የፊት ጎማዎችን አይይዝም። ይህ ከፍ ያለ መኪና ነው፤ በአራት ጎማው ደልዳላ መሬት ላይ አቁመህ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ወይም በድንጋይ ጠፍር፤ ሳታነሳው ሥሩ ትገባለህ። የግድ መነሳት ካለበት በሁለት የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ።

ወደ ብሎኑ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ስላልገባው ነው፤ እሱን ሰፋ አድርጌ ላስረዳህ፤ ከዚህ በኋላ የምናደርገው ሁሉ ከእሱ ይመነጫል። ብሎን ስታጠብቅ የምታወጣው ጉልበት ሁሉ ብሎኑን ለመወጠር የሚውል ይመስልሃል። አይደለም። ከመቶ እጅ ሃምሳ ያህሉ ከጭንቅላቱ ሥር፣ ሮንዴላው ላይ ባለው ፍትጊያ ይበላል። አርባ ያህሉ በጥርስና በጥርስ መካከል ባለው ፍትጊያ ያልቃል። ብሎኑን በእውነት የሚወጥረውና ሮንዴላውን የሚጨፈልቀው አሥር ያህሉ ብቻ ነው። ቁጥሩ እንደ ቅባቱና እንደ ብረቱ ጥቂት ይለዋወጣል፤ ሚዛኑ ግን ይኸው ነው። ከዚህ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ብሎኑን የያዘው በአብዛኛው የጭንቅላቱ ሥር ነው፤ ስለዚህ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርገህ በመዶሻ ስትመታው ሮንዴላው ትንሽ ይጨፈለቃል፣ ውጥረቱ ይላላል፣ ትልቁ ፍትጊያም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱ ጨርሶ ቢቆረጥ ውጥረቱ አብሮ ይጠፋል፤ የቀረው ግንድ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይዞራል። ሦስተኛ፣ አቧራና ዝገት ባለበት ጥርስ ላይ ቧንቧ ሰክተህ ብትጎትት ጉልበቱን ፍትጊያው ይበላዋል እንጂ ሮንዴላው በተሻለ አይዘጋም። ማንጠብጠቡ ያልቆመው ስላልጠበቀ አይደለም፤ ሮንዴላው አንዴ ተጨፍልቆ የጠነከረ አሮጌ ስለነበረ ነው። ያ ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ያ ጥርስ አይጎተትም ነበር።

ስለዚህ ሲሊኮኑን በቢላ ፋቅ፣ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። የብሎኑን ግንባር በጠፍጣፋ ብረት አማካይነት በአንድ ኪሎ መዶሻ አምስት ስድስት ጊዜ ቀጥ አድርገህ ምታ። የዚህ መኪና የዲፈረንሻል ቤት ብረት ስለሆነ ይችለዋል። አንዳንድ መኪኖች ላይ እንዳለው የፊት ዲፈረንሻል ቤቱ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ይህን አታድርግ።

ቀጥሎ ቡሶላ (ብሎኑ ጭንቅላት ላይ የሚሰካው ክብ ቁልፍ)። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለውን አስቀምጥ፤ ጉልበቱን ጫፍ ላይ ስለሚያሳርፍ መላጡን ያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ባለ ስድስት ማዕዘን ያዝ። የቡሶላው አፍ ውስጡ ተሸርፎ የተሠራ ከሆነ በግራይንደር ጠፍጣፋ እስኪሆን ሞርደው፤ የብሎኑ ጭንቅላት አጭር ስለሆነ ያ ሽርፍ ከመያዣው ግማሹን ይበላል። ማዕዘኑ ጥቂት ብቻ ከተላጠ 23 ሚሊ ሜትር ወይም 15/16 ኢንች ቡሶላ በመዶሻ አስገባበት፤ ጠንካራው የኢምፓክት ዓይነት ይሁን። ርካሹ ቡሶላ ይሰነጠቅና ፍንጣሪው ዓይንህ ውስጥ ይገባል፤ መነጽር አድርግ። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር እጀታ ይበቃል፤ ሳትነጥቅ ቀስ እያልክ ጫን። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ሆነህ ግን ይህን ፈጽሞ አትሞክር።

እምቢ ካለ ያሰብከው ዳዶ ይመጣል። ቀዳዳው 14 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ዳዶ ግንባሩ ላይ አስቀምጠህ በውስጠኛው ቀዳዳ በኩል ከብሎኑ ጋር በይደው፤ 2.5 ኤሌክትሮድ ከ80 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ። የብየዳውን ምድር ገመድ ከብሎኑ አጠገብ ዲፈረንሻሉ ቤት ላይ እሰረው፤ ሻሲ ላይ ካሰርከው ጅረቱ በኩችኔታዎቹ ውስጥ ሊያልፍና ሊጎዳቸው ይችላል። መሙያውን በእጅ ብቻ አስገባው፣ ፍንጣሪ ውስጥ እንዳይገባ። ከላይ ያለው የአየር መተንፈሻ ክፍት መሆኑን አረጋግጥ፤ የሞቀው አየር መውጫ ያስፈልገዋል። ቦታውን በብሬክ ክሊነር አታጽዳው፤ አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ስለሆነ በብየዳ ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናል። የእሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር፣ የነዳጅ ቱቦ ከተጠጋም እርጥብ ጨርቅ አልብሰው። ከተበየደ በኋላ ወዲያው አትጎትት፤ ብሎኑ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ዝገቱም ያኔ ይለቃል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያወዛወዝክ ፍታ።

ይህም ካልሠራ የመጨረሻው መንገድ ጭንቅላቱን በግራይንደር መቁረጥ ነው። ከላይ እንዳልኩት ውጥረቱ ይጠፋል፤ የቀረውን ግንድ ከመሃል ቦርቡረህ በግራ ዙር ማውጫ ታወጣዋለህ። ቡርቡሩ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ መታጠብ አለበት።

ብሎኑ ሲወጣ ጥርሱን እይ። በብሎኑ ጥርስ ላይ የተጠመጠመ ብረት ካለ ከቤቱ ጥርስ ተነጥሎ የወጣ ነው፤ ግምቴ ትክክል ነበር ማለት ነው። ጥርሱ የተዛባ ብቻ ከሆነ 18 በ1.5 ጥርስ ማውጫውን ግራሶ ቀብተህ በእጅ አስገባ፤ ግራሶው ቡርቡሩን ይይዛል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ቀጥ ብሎ ካልገባ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ጥርሱ ከጠፋ በ18.5 ፑንታ ከፍተህ 20 በ1.5 ጥርስ አውጣ፣ ተስማሚውን ብሎን ግጠም። የብሎኑ ሰፊ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ በለሰለሰው ፊት ላይ ማረፍ አለበት። ራሱ እየቆረጠ የሚገባ የሚባለውን ትልቅ ብሎን አትግዛ፤ ቤቱን ያዛባል፣ ሁለተኛ ዘይት ስትቀይር ጥርሱ አይኖርም። ከዚያ ግማሽ ሊትር ዘይት በመሙያው አፍስሰህ ቡርቡሩን በታች አውጣ፤ ማግኔት በቀዳዳው አስገብተህ ቀሪውን ልቀም።

አዲሱን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ፣ ደረቅና ንጹህ ጥርስ ላይ፣ ያለ ሲሊኮን ግጠም። ወደ 49 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ 20 ኪሎ ያህል መግፋት ነው፤ ቧንቧ አያስፈልግም። ኒሳን ፓትሮልና ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ላይ የምታገኘው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብሎን ሌላ ነው፤ የሚዘጋው በራሱ ሾጣጣ ጥርስ ስለሆነ ሮንዴላ የለውም፣ የጥርስ ማሸጊያ መቀባትም ለእሱ ትክክል ነው።

ጂኤል-5 80ደብሊው-90 ዘይት በመሙያው አስገባ፣ ከቀዳዳው ጠርዝ እስኪፈስ፤ ዲፈረንሻሉ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያለው ከሆነ ለእሱ የተሠራውን ዘይት ተጠቀም። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ፣ በአራት ጎማው መቆም አለበት፤ በክሪክ ያጋደለ መኪና ልኩን ያሳስታል። አሥር ደቂቃ ጠብቀህ ዝቅ ካለ ጨምር።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልከት። ካረጠበ አታጥብቀው፤ አውጥተህ ሌላ አዲስ ሮንዴላ ግጠምና ፊቱ ላይ ጭረት እንዳለ እይ። ፊቱ ንጹህ ሆኖ ካረጠበ የአየር መተንፈሻውን ንፋበት፤ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱን በብሎኑና በፓራሊዮው (በዘይት ማገጃው ጎማ) በኩል ይገፋዋል።