የውርስ መጥሪያና የመህር ወረቀት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። አባታችን ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። አዲስ ዓለም ውስጥ አንድ ቤት ከነሱቁ ትቶልናል። ወራሾቹ እናታችን፣ ሁለት ወንድሞቼና እኔ ነን። ወንድሞቼ «በሸሪዓ እንካፈል» ብለው ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ አስልከውልኛል። እምቢ ብል ዲኔን የናቅሁ ያስመስለኛል፤ ብሄድ ደግሞ ድርሻሽ ያንሳል እያሉ የሚያስፈራሩኝ አሉ። ምን ላድርግ? (ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህታችን። ምንም ይወስኑ ምን፣ በቀጠሮው ቀን መቅረትን ግን አያስቡት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ወንድሞችዎ መስማማታቸው የእርስዎን ፈቃድ አይተካም። ዝምታ ግን ይጎዳል፦ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው በዳኝነቱ እንደተስማማ ይቆጥረዋል። ብዙ ሴቶች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። «አልሄድም» ማለት መቃወም ይመስላቸዋል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ተቃራኒው ነው። ጎንደር በክልሉ ፍርድ ቤቶች ሥር ብትሆንም ምክራችን ያው ነው፤ ይቅረቡ።

መቃወም ከፈለጉ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል ከመመለስዎ በፊት በጽሑፍ ይቃወሙ። «ጉዳዩ በዚህ ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቃደኛ አይደለሁም፤ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፍልኝ» የሚል አጭር ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ፈርመው ለመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል ብቻ የተነገረ ተቃውሞ ኋላ ላይ «አልተባለም» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያለፈቃዷ የዳኛትን አንዲት የአዲስ አበባ ሴት የውርስ ጉዳይ አይቶ፣ ውሳኔው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሽሮታል። ስለዚህ ፈቃድ መንሣት ዲንን መናቅ አይደለም፤ አገሩ ለሁሉም ዜጋ የሰጠው መብት ነው። ደስ ብሎዎት ሸሪዓን ቢመርጡም መብትዎ ነው፤ ብቻ ስሌቱን አስቀድመው ይወቁት።

ቤቱ 1,600,000 ብር ተገመተ፣ ዕዳም ኑዛዜም የለም እንበል። በመደበኛው ፍርድ ቤት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የአንዳቸው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ እናትዎ አስቀድመው ግማሹን፣ 800,000 ብር፣ ይወስዳሉ። ቀሪው ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳችሁ 266,666 ብር ገደማ ይደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስትን ያለ ኑዛዜ ወራሽ ስለማያደርጋት እናትዎ ከውርሱ ተጨማሪ አያገኙም።

በሸሪዓ ደግሞ የባልና የሚስት ንብረት ለየብቻው ነው፤ የጋራ ነው የሚል ግምት የለም። እናትዎ ግማሹን ማዋጣታቸውን ካስረዱ 800,000ውን ያስቀራሉ፤ ከቀሪው ደግሞ ልጆች ስላሉ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 100,000 ብር፣ ይወርሳሉ። የተረፈው 700,000 ወንድ የሴትን እጥፍ እየወሰደ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወንድምዎ 280,000፣ ለእርስዎ 140,000 ይሆናል። ማስረዳት ካልቻሉ ግን ቤቱ በሙሉ የአባትዎ ውርስ ይሆናል፦ እናትዎ 200,000 ብቻ፣ ወንድሞችዎ እያንዳንዳቸው 560,000፣ እርስዎ 280,000። ይህ ለእርስዎ ከመደበኛው ፍርድ ቤት የሚበልጥ ቢመስልም ብልጫው የተቆረሰው ከእናትዎ ድርሻ ነው። እባክዎ ይህን ሳያዩ አይወስኑ። እናትዎም ፈቃድ የሚሰጡ ወይም የሚነሡ ባለጉዳይ ናቸውና አብረው ይቀመጡ፤ ለሱቁ ዕቃ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ ዕቁብ የጣሉበትን ደብተር፣ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ ጎረቤቶችን ከአሁኑ ያሰባስቡ።

የሞት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱን ካርታና የወራሽነት ማረጋገጫ ይያዙ። ሽማግሌ ፊት «ድርሻዬን ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብልዎ በዚያው ዕለት አይፈርሙ። መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ካለፈ ጥያቄዎ በይርጋ ሊታገድ እንደሚችልም አይርሱ (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1000)። አንድ ነገር ግን በግልጽ እንበል፦ ለሴት ልጅ ምንም አለመስጠት የለመዱ ቤተሰቦች ሸሪዓን መጥቀስ አይችሉም። የቁርኣኑ ምዕራፍ ሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 7 ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ለሴቶች የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል።

ጥያቄ፦ ኒካህ (የእስልምና የጋብቻ ውል) ሊታሰርልኝ ነው። ባሌ የሚሰጠኝን መህሬን (የጋብቻ ስጦታዬን) «ይስማማሉ፣ ኋላ ይታያል» እያሉ አልፈውታል። ነውር ሳይሆን እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ ነውር የለበትም። መህር የእርስዎ የግል ሀብት ነው፤ የአባትዎም የወሊይዎም (በጋብቻው የሚወክልዎ ዘመድ) አይደለም (አን-ኒሳእ 4)። «ኋላ ይታያል» የተባለ መህር የሚታየው በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚስማማ ሰው አይገኝም። ስለዚህ መጠኑን፣ ምን ያህሉ ወዲያው ምን ያህሉ ቆይቶ እንደሚከፈል ያስጽፉ። ቆይቶ የሚከፈለውን በብር ሳይሆን በወርቅ ያድርጉት፣ ግራሙንና ካራቱን ጠቅሰው፤ የብር ዋጋ ከዓመታት በኋላ ያው አይሆንም። ሁለቱ ምስክሮች ይፈርሙ፣ አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ይቅር። ባልየው ሳይከፍል ቢሞት መህሩ ዕዳ ነው፤ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። በኹልዕ (ሚስት በጠየቀችው ፍቺ) ለመለየት ቢገደዱም የሚጠየቁት በአብዛኛው የተቀበሉትን መመለስ ነው። ያልተጻፈ ከሆነ ያልተቀበሉትን ጭምር መልሺ ሊሉዎት ይችላሉ።

ትምህርትዎን እንዲቀጥሉ ወይም ሥራዎን እንዳይተዉ የሚል ቃል ኪዳንም በዚያው ወረቀት ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ኒካሁን የሚያስረውን ቃዲ ከዕለቱ በፊት ያነጋግሩ፣ በሠርጉ ግርግር ማንም አይሰማዎትም። ኒካሁ ከታሰረ በ30 ቀን ውስጥ ሁለታችሁም ቀበሌ ቀርባችሁ ጋብቻውን አስመዝግቡ (አዋጅ ቁጥር 760/2004)።

ጥያቄ፦ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት እህቴን አባታችን ሊድራት ነው። «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» ይላል።

መልስ፦ አባትዎ የጠቀሱት ቃል ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈ ሐዲስ ነው፤ ነገር ግን ስታፍር ለምትስማማ ልጃገረድ እንጂ ፈርታ ለምታለቅስ አይጠቀስም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም አባቷ ሳትፈልግ ዳራት፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጋብቻውን ማፍረሳቸውን የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል። በአገሩ ሕግ ደግሞ ነገሩ በፈቃድም አይድንም፦ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለችን ልጅ የሚያገባ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። መጀመሪያ አባትዎ የሚያከብሯቸውን ኢማም ወይም አጎት ሕጉን ጭምር ይዘው እንዲያናግሯቸው ያድርጉ፤ ቀኑ ከተቆረጠ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ይሂዱ። የልደት ሰርተፍኬቷን ወይም የትምህርት ቤት መዝገቧን ይዘው ይሂዱ፤ ዕድሜዋን «አሥራ ስምንት ሆኗታል» ብሎ የሚመሰክር ዘመድ አይታጣምና።