መልስ፦ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ስክራችን ስለማስተማር

የተከበሩ መምህር፣ ጅማ ውስጥ ለሚያስተምሯቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት ፕሮግራሚንግን በምን እንደሚጀምሩ፣ በብሎክ (ስክሪን ላይ በሚገጣጠሙ የትእዛዝ ቁርጥራጮች) መሥራትም ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ስጋት እንዳለዎት ጽፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው፣ ልጆች ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራች አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በአማርኛም መጠቀም ይቻላል። ጨዋታ ሆኖ የሚቀረው ልጆቹ ስክሪኑ ላይ የምትታየውን ድመት ዝም ብለው ሲያንቀሳቅሱ ነውና፣ በመጀመሪያ ካሬ ያስስሏቸው። ድመቷ በሄደችበት መስመር የሚሥለው የእስክሪብቶው ብሎክ ከተጨማሪዎቹ ዝርዝር የሚመጣ መሆኑን አይርሱ። 100 እርምጃ መሄድንና 90 ዲግሪ መዞርን አራት ጊዜ ከደረደሩ በኋላ፣ ያንኑ በአንድ የመድገሚያ ብሎክ እንዲያሳጥሩት ይጠይቋቸው።

ቁም ነገሩ የሚመጣው ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሲያዟቸው ነው። ብዙዎቹ በሒሳብ የተማሩትን የውስጥ ማዕዘን ይዘው 60 ያስገባሉ፤ ሥዕሉም ሳይገጥም የስድስት ጎን ግማሽ ሆኖ ይቀራል። መልሱን አይንገሯቸው። አንድ ተማሪ ወለሉ ላይ በተሣለ ሦስት ማዕዘን ዙሪያ በእግሩ ቢሄድ፣ በየጥጉ የሚዞረው 120 ዲግሪ መሆኑን ያያል፤ ከዚያ 360ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይደርሱበታል። እኔ ስሌታዊ አስተሳሰብ የምለው ይህን ነው።

መብራት በጠፋ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ጅሬን እስካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ የሚወስደውን መንገድ፣ «ሂድ»፣ «ዙር» እና «መስቀለኛው መንገድ ጋ እስክትደርስ ድገም» በሚሉ የካርቶን ብሎኮች ያስደርድሯቸው። ኮምፒውተር ካነሰ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ መዳፊቱን የያዘው ግን በየጊዜው ይቀየር።