«ሕመም ይሰማዋል» ሲባል ባለቤቱ ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ ትንሽ የሰው አእምሮ ፈጠሩ፤ ሕመም ይሰማው እንደሆነም እየተከራከሩ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። ኦርጋኖይድ የተባለውን ነገር «አእምሮ» ማለት ትክክል ነውን? «ይሰማዋል» የሚለው ግስ ይስማማዋልን?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ አእምሮ አይባልም። ቃሉ «ዐወቀ» የሚል ፍች ካለው «አእመረ» ከተባለው የግእዝ ግስ የወጣ ስለሆነ የማወቅንና የማስተዋልን ኃይል ይገልጻል፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው አካል ስሙ «አንጎል» ነው።

«ትንሽ አንጎል» ማለትም ቢሆን አያረካኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎቹ ማድሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቪየና ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ልዩ ልዩ የአካል ሕዋሳት ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ፣ ተነሥተው ያሳደጉት ኦርጋኖይድ ስፋቱ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ የደም ሥር የሌለው፣ በፅንስነት ጊዜ የሚታየውን የአንጎል አፈጣጠር በከፊል የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ነበር። «ትንሽ» የሚለው ቅጽል ግን ሙሉው ነገር መጠኑ ብቻ አንሶ የቀረበ ያስመስላል። በአማርኛ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ትንሽና የምንሳሳለትን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት ልማዳችን በመሆኑ «ትንሿ አንጎል» ያልን እንደሆነ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ሳናውቅ ርኅራኄያችን ቀድሞ ይነሣል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ስያሜ ባወጡት የጋራ ጽሑፍ «ሚኒ አንጎል» የሚለውን አጠራር አልደገፉም። ስለዚህ «ኦርጋኖይድ» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ መውሰድ ወይም «አንጎል መሰል ኅብረ ሕዋስ» ማለት ይሻላል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ «መሰል» የሚለው ቃል መመሳሰሉንም ልዩነቱንም አብሮ ይዞ ይሄዳልና።

ክብደት ያለው «ይሰማዋል» የሚለው ነው። «አመመው»፣ «ራበው»፣ «በረደው» የምንላቸውን ግሶች ልብ ይበሉ፤ በእነዚህ ሁሉ ሕመሙ፣ ረኀቡና ብርዱ የሚደርስበትን የሚያመለክተው በመጨረሻ የተቀጠለው «ው» ነው። «ሕመም ይሰማዋል» ስንል እንግዲህ፣ ክርክሩ ገና ሊወስነው የሚገባውን ነገር፣ ማለትም ሕመሙ የሚደርስበት አንድ ባለቤት መኖሩን፣ በአንዲት ቅጥያ አስቀድመን ፈርደናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ የተመራማሪው አሊሰን ሙኦትሪ ቡድን በቤተ ሙከራ ለወራት ከቆዩ ኦርጋኖይዶች የኤሌክትሪክ ሞገድ መዝግቦ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት የአንጎል ሞገድ ጋር አነጻጽሯል። ይህን የሚገልጸው ግስ «ሞገድ ተመዘገበበት» ወይም «ምላሽ ሰጠ» ነው። «ተሰማው» ለማለት የሞገድ መመሳሰል አይበቃም። ዓለም አቀፉ የግንደ ሕዋስ ምርምር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ኦርጋኖይዶች ሕመም እንደሚሰማቸው የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ገልጾ፣ ምርምሩ እየተራቀቀ ሲሄድ ግን ጉዳዩን በንቃት መከታተል እንደሚገባ አሳስቧል። «ሕመም ሊሰማው የሚችልበት ደረጃ ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ ጥያቄውን እንደ ተመለሰ አድርጎ መጻፍ ነው።

«ሕዋስ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «አምስቱ ሕዋሳት» ስንል ማያችንንና መስሚያችንን ማለታችን ሲሆን በሥነ ሕይወት ግን ቃሉ የአካልን ጥቃቅን ክፍል ይጠራል፤ ስለዚህ «የአንጎል ሕዋሳት» የሚለውን የሚያነብ ሰው ስሜት ያለበት ሊመስለው ይችላል። «ኅሊና አለውን?» የሚለው ደግሞ ከነአካቴው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ኅሊናው ወቀሰው» እንደምንለው ክፉና ደጉን መለየትን ያመለክታልና። የታሰበው ራስንና አካባቢን የማወቅ ሁኔታ ከሆነ «ንቃተ ኅሊና» ተብሎ ይጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ኦርጋኖይድ በአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ ተተክሎ፣ የአይጧ ጢም ሲነካ የሰው ሕዋሳቱ ምላሽ ሲሰጡ ታይቷል። እዚህ «ይሰማታል» ማለት ያስኬዳል፤ ባለቤቷ አይጧ ናትና። ስለ ቤተ ሙከራ እንስሳት አያያዝ የወጡ ደንቦችም ስለ እርሷ የሚሉት አላቸው። በሳሕን ውስጥ ያለው ኦርጋኖይድ ግን ሰው አይደለም፣ እንስሳም አይደለም፤ በተራ ንብረትነት እንዳይመዘገብ ደግሞ የአንድ ሰው ዘረ መል አለበት። ሕግ የሚያስቀምጥበት ክፍል ያጣለት በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ቃል ልጨምር። ሕዋሱን የሰጠውን ሰው «ለጋሽ» ማለት ተለምዷል። የተለገሰ ነገር ከሰጪው እጅ የወጣ፣ ነገሩም ያለቀለት ነው። ሆኖም ለአንድ ጥናት የቆዳ ናሙና የሰጠ ሰው፣ ከዚያው ናሙና ዘረ መሉን የያዘ አንጎል መሰል ነገር እንደሚያድግ ላይገምት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከአሜሪካዊቷ የካንሰር ሕመምተኛ ከሄንሪዬታ ላክስ ሳታውቅ የተወሰዱት የካንሰር ሕዋሳት እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው እየተባዙ ነው፤ እርሷን ለጋሽ ማለት ያልሰጠችውን ሰጠች ማለት ነው። እኔ በዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ «ናሙና ሰጪ» እላለሁ፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደበትን ደግሞ «ናሙና የተወሰደበት» እላለሁ።